ቤቱን ሳላውቀው ሰው አላለቅስም

አክስቴ አስለቃሽ ነበረች። በደምቢያ ሜዳ፣ ከቆላ ድባ ዙሪያ እስከ አዘዞ መዳረሻ ድረስ፣ ሰው ሲሞት ከቄሱ ቀጥሎ የሚላክባት እሷ ነበረች፤ አንዳንዴም ከቄሱ ቀድሞ። ሙሾ ስታወርድ ልጅነቴን በሙሉ ሰምቻለሁ። ግን እንደ ክረምት ዝናብ ነበር የምሰማው፤ ዝናብን ደግሞ ቃል በቃል የሚያዳምጠው የለም።

በእውነት ያዳመጥኋት እናቴ ከሞተች በኋላ ነው። ያኔ ጎንደር ፒያሳ ላይ አንዲት ጠባብ የኢንተርኔት ቤት ነበረችኝ። ኢንተርኔቱ ብቻውን አያኖርምና ጽሑፍ እተይባለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ የሠርግና የለቅሶ ካሴት ወደ ሲዲ እገለብጣለሁ። በዚያ ዘመን ለቅሶን በቪዲዮ ማስቀረጽ ተለምዶ ነበር። ዘመድ በየአገሩ ስለተበተነ፣ ቀብር ያልደረሰው ቢያንስ አይቶ ይውጣለት ይባላል። የእናቴም ካሴት ለአዲስ አበባ ዘመዶቻችን ሊገለበጥ ወደ እኔው ቤት መጣ።

በቀብሯ ዕለት ምንም አልሰማሁም ነበር። ሰው ደግፎ አቆመኝ፣ ሰው ደግፎ አስቀመጠኝ፤ ያን ብቻ ነው የማስታውሰው። አሁን ሱቄን ዘግቼ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ሳደርግ፣ አክስቴ ለታናሽ እህቷ፣ ለእናቴ፣ ሙሾ እያወረደች ነበር። እናቴ ጥርሷ ስለተሰበረ ሳትሸፈን እንደማትስቅ፣ ዶሮዎቿን እንደ ሰው እንደምትመክር፣ እኔ ኩፍኝ ይዞኝ አዝላኝ እስከ ጎንደር ሆስፒታል በእግሯ እንደመጣች፣ አንድ በአንድ።

«ሳቋን በነጠላ እየሸፈነች፣
ዛሬ በነጠላ ተሸፍና ሄደች።»

አዝላኝ በእግሯ መምጣቷን አላውቅም ነበር። ነግራኝ አታውቅም። ኮምፒውተሩ ላይ ግንባሬን ደፍቼ አለቀስኩ፤ የቀብሯን ዕለት ያመለጠኝን ለቅሶ ያን ቀን አለቀስኩት። ይህ ድምፅ በአንድ ካሴት ውስጥ ተቀምጦ እንዲሻግት አልፈቅድም ያልኩትም ያን ቀን ነው።

መቅረጫ ይዤ ቆላ ድባ ወረድኩ። አክስቴ በዚያን ጊዜ ጉሮሮዋ እየደከመ ነበር። የሚተካትም የለም፤ ወጣቶቹ ሴቶች ያፍራሉ፣ ሰባኪዎቹም ሙሾ የባዕድ ልማድ ነው እያሉ በድምፅ ማጉያ ያስተምራሉ። እስቲ ተቀምጠሽ ታላላቆቹን ሙሾዎችሽን አውርጂልኝና ልቅረጽ አልኳት። እንደ እብድ አየችኝ።

«ምነው ልጄ፣ ሰው ልግደልልሽ?» አለች።

ሬሳ በሌለበት ሙሾ ማውረድ ሟርት ነው። ያለ ሞት የወረደ ሙሾ የሚያርፍበትን ቤት ይፈልጋል ይባላል። ለምኜ፣ ተቆጥቼ፣ አኩርፌ አልሆነልኝም፤ እኔም ግትር ነኝ፣ እሷ ግን ከእኔ ትብሳለች። የኋላ ኋላ ስንግባባ፣ ሲለቀስ የተቀረጹትን የድሮ ካሴቶች እንድጠቀም ፈቀደች። የየሟቹን ቤተሰብ እኔ አስፈቅዳለሁ፣ ፊት አላሳይም፣ ኢንተርኔት ላይ ድምፅ ብቻ አወጣለሁ። ቃሉን ደግሞ ከሥሩ እጽፈዋለሁ።

ከዚያ ኢንተርኔት የሚሉት ነገር ስንቱ ዘንድ እንደሚደርስ ጠየቀችኝ። ስልክ ያለው ሰው ሁሉ፣ የትም አገር ይሁን፣ ሊሰማው ይችላል አልኳት።

«እንግዲያማ» አለች፣ «መርዶ ያልደረሰው ሰው ካለ አይወጣም።»

ይህን ነገር ላያውቅ የሚችል አንባቢ ስላለ ልንገረው። በእኛ አገር ሞት እንደ ወሬ አይነገርም። ሩቅ ያለ ሰው ዘመዱ ሲሞትበት ይደበቃል፤ ሽማግሌዎችና የንስሐ አባት ተሰብስበው፣ ማለዳ፣ ቤቱ ድረስ ሄደው ያረዱታል። የሚይዘው ሰው አጠገቡ ይቆማል። የአባቱን ሞት መንገድ ላይ ወይም በስልክ የሰማ ሰው ቢኖር ያ ቤተሰብ ዕድሜ ልኩን ይታማል። የአክስቴ ሕግ ከዚህ የመጣ ነው፤ ድምፄ የማንም ሰው መርዶ አይሁን ነው ያለችው። እኔም ቢያንስ አርባው እስኪወጣ እጠብቃለሁ፤ ከዚያም እየዞርኩ መርዶ ያልተረዳ ሰው አለ ወይ እያልኩ እጠይቃለሁ። አንዲት እናት አረብ አገር ያለች ልጇ የአያቷን ሞት እንዳልሰማች ነገረችኝ፤ ልጅቷ ተመልሳ እስክትረዳ ድረስ ያ ለቅሶ ኮምፒውተሬ ውስጥ ተኝቶ ከረመ።

እንዲህ እየሆነ የለቅሶው ገጽ በኢንተርኔት ተከፈተ። መብራት ሲኖር መስመር የለም፣ መስመር ሲኖር መብራት የለም፤ አንዱን ለቅሶ ለማውጣት ቀኑን ሙሉ የምቀመጥበት ጊዜ ነበር። ሱቁን ያከራዩኝ፣ አባት አያቶቻቸው ሁሉ ጎንደር ውስጥ በጨርቅ ንግድ የኖሩ ሐጂ፣ በየማለዳው የሱቄ በር ላይ ቆመው ይቀልዱብኛል። ሰው ሁሉ ሠርግ ሲያወጣ አንቺ ለቅሶ ታወጫለሽ፤ እንደው ደጃፍሽ ላይ ጥቁር ጨርቅ ልስቀልልሽ፣ ከእኔ ቤት በነፃ ነው ይሉኛል። ቀልዳቸውን ሲጨርሱ ግን ወንበር ስበው ያዳምጣሉ። የእሳቸው ሃይማኖት በሙታን ላይ መጮህን አይወድም፤ ቢሆንም ይህች ሴት ስለ ሰው ታውቃለች ይሉ ነበር።

እውነታቸውን ነው። አክስቴ ለቅሶ ቤት ስትደርስ ወዲያው አትጀምርም። መጀመሪያ ጓዳ ትገባለች። ሚስትየዋን፣ ጎረቤቱን፣ አንዳንዴም ከሟቹ ጋር ተጣልቶ የኖረውን ሰው ትጠይቃለች። በሬዎቹን ምን ብሎ ይጠራቸው ነበር? ሲቆጣ ይጮኻል ወይስ ዝም ይላል? ሲመሽ ከቤቱ ደጅ የትኛው ድንጋይ ላይ ይቀመጣል? ይህን ስትጨርስ ነው ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወደ ለቀስተኛው መሐል የምትወጣው። አንድ ጊዜ አንዲት ሌላ አልቃሽ ሳትጠይቅ ገብታ ሟቹን አንበሳው፣ ነብሩ እያለች ስታወርድ አክስቴ ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብላ፣ ይህ ሰው እኮ ውሻ ይፈራ ነበር አለችኝ። ለሁሉም የሚሆን ለቅሶ ለማንም እንዳልተለቀሰ ነው ትል ነበር። መግቢያዋም ከወጣትነቷ ጀምሮ አንድ ብቻ ነው፦

«ፍቀዱልኝና ከደጁ ልቁም፣
ቤቱን ሳላውቀው ሰው አላለቅስም።»

ይህች ለአገሩ ሁሉ ያለቀሰች ሴት ታዲያ የራሷን አላለቀሰችም። አንድ ልጅ ነበራት። በደርግ ጊዜ ከቆላ ድባ ገበያ ታፍሶ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ተወሰደ፤ አንድ በግ ሊሸጥ ወጥቶ በጉ ብቻውን ተመለሰ። ደርግ ሲወድቅ የተበተነው ወታደር በሱዳን ዞሮ፣ በመተማ በኩል፣ በባዶ እግሩ ሲጎርፍ፣ አክስቴ አዘዞ ሄዳ መንገድ ዳር ቆመች። እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ እናቴ ምሳ አስይዛ ትልከኛለች። በመንገዱ ግራና ቀኝ እናቶች ቆመው የሚያልፈውን ሁሉ የልጃቸውን ስም እየጠሩ ይጠይቁታል። ጎርፉ ወደ ጠብታነት ሲለወጥ ሌሎቹ እናቶች ወደየቤታቸው ገቡ። አክስቴ ግን የሚያልፍ ወታደር ጨርሶ እስኪጠፋ ቆማ፣ ከዚያ ምንም ሳትል ቆላ ድባ ተመለሰች።

ተዝካሩን አውጪና ይረፍልሽ ያሏት ብዙ ናቸው። መርዶ ሳይመጣ? ትላለች። ስለ ሰው ታለቅሳለች፣ የራሷን ውጣለች ብለው ያሟት ነበር። ያለ መርዶ ብታለቅሰው ልጇን በገዛ አፏ የገደለችው ይመስላታል፤ ካላለቀሰችው ደግሞ ያ ልጅ ሳይለቀስለት የቀረ ብቸኛ የደምቢያ ሰው ሊሆን ነው። በዚህ መሐል ነው ያረጀችው።

ገጹ ከተከፈተ ወዲህ ልጠይቃት በሄድኩ ቁጥር ገና ሳልቀመጥ፣ ዛሬስ ማን ሰማው? ትለኛለች። ከአዲ አርቃይ አንድ አስተማሪ ጽፎልኛል፣ ከሐረር አንዲት ሴት ሰምታለች እያልኩ እነግራታለሁ። ራሷን ትነቀንቅና ሌላስ? ትላለች። ማንን እንደምትጠብቅ ገብቶኝ ነበር፤ ገብቶኝም እንዳልገባው ሰው እሆናለሁ። የእኔ ገጽ ለእሷ የአዘዞ መንገድ ሆኖላት ነበር። መንገዱን የከፈትኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

አንድ ቀን ጠዋት ሱቄን ከፍቼ ገጹን ሳይ፣ በእናቴ ለቅሶ ሥር አንድ የማላውቀው ሰው እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «ይህችን መግቢያ አውቃታለሁ። አንድ የደምቢያ ልጅ ምሽግ ውስጥ ሆኖ ይላት ነበር። የእናቴ ናት ይለን ነበር።»

ወዲያው ስልክዎን ይላኩልኝ ብዬ ጻፍኩለት። መልሱን ሳላይ በማግስቱ ኢንተርኔት ጠፋ። አገሩ የታወከበት ወቅት ነበር፤ መስመሩ ተዘግቶ ሳምንታት አለፉ። ያን ጊዜ እንዴት እንዳሳለፍኩት እኔና ፈጣሪ እናውቃለን። ይላት ነበር ማለት ሞቷል ማለት ነው? ተለያዩ ማለት ነው? ግማሽ መርዶ ደግሞ አይነገርም፤ ከሙሉው ይከፋል። ስለዚህ ቆላ ድባ መውረድ አቆምኩ። አክስቴ በአውቶቡስ ረዳት፣ ምነው ጠፋሽ ብላ ላከችብኝ። ሄድኩ። ዛሬስ ማን ሰማው? አለችኝ። ኢንተርኔት ተዘግቷል አልኳት፤ እውነት በመሆኑ እንዴት ደስ እንዳለኝ። ፊቴን ትክ ብላ አየችና ሲከፈት ንገሪኝ አለች።

ሲከፈት የስልክ ቁጥሩ ተቀምጦ አገኘሁት። ደወልኩ። ድምፁ የጎልማሳ ነው፤ ደቡብ ውስጥ በበቆሎ ንግድ የሚኖር ሰው ነው። ሴት ልጁ ለትምህርቷ ብላ የአክስቴን ድምፅ ስታዳምጥ ከጎን ካለው ክፍል ሆኖ መግቢያዋን ሰማት። ያ የደምቢያ ልጅ፣ ጓደኛው፣ ከእሱ አጠገብ ተመትቶ እንደሞተ፣ በገዛ እጁም እንደቀበረው ነገረኝ። ከዚያ ድምፁ እየተቆራረጠ ሌላም ነገረኝ። ጦሩ ሲበተን በሱዳን አድርጎ፣ በመተማ ወጥቶ፣ በአዘዞ መንገድ አልፏል። እናቶቹ ቆመው ሲጠይቁ አይቷል። የጓደኛው እናት ከመሐላቸው ልትኖር እንደምትችል ያውቅ ነበር፤ የአስለቃሽ ልጅ መሆኑን ስንት ጊዜ ነግሮታል። የጓደኛው ስም ሲጠራ ቢሰማ ምን እንደሚል ጨንቆት ጆሮውን በሁለት እጁ ደፍኖ አለፈ። ከዚያ ወዲህ የአሮጊት ዓይን ማየት አልወድም አለኝ። ልናደድበት ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። ያኔ እሱም ገና ልጅ ነበር።

ስልኩን ስዘጋ ሐጂ በር ላይ ቆመው ነበር። ፊቴን አይተው አልቀለዱም። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሰውየው ራሱ ደውሎ ይንገራት ወይ ብዬም ጠየቅኋቸው።

«ይህ በስልክ የመጣ መርዶ ነው» አሉ ሐጂ። «በስልክ ግን አይገባም። በእግሩ ይግባ።»

በራሳቸው መኪና ወሰዱኝ። ከአክስቴ የንስሐ አባትና ከዕድሩ ዳኛ ጋር ቆላ ድባ ተገናኝተን፣ ጎረቤቶቿን ቀሰቀስን። ጎህ ሲቀድ ደጇ ላይ ቆምን። ያን ደጅ ስንቴ እየሳቅሁ እንደገባሁበት፤ አሁን ግን ከቄሱ ኋላ ቆምኩ። አክስቴ በሩን ከፍታ አየችን። ቄሱን አየች፣ የዕድሩን ዳኛ አየች፣ እኔን ዘለለችኝና ሐጂ ላይ ቆመች።

«ሐጂ፣ እርስዎን በዚህ ሰዓት ቆላ ድባ ምን አመጣዎት?» አለች። መልሱን እያወቀች ነው የጠየቀችው።

ቄሱ እንደ ደንቡ ነገሯት። ሴቶቹ ሊይዟት ተጠጉ፣ ጩኸትም ተነሣ። እሷ ግን እጇን አንሥታ ዝም አስባለቻቸውና፣ ማን ቀበረው? አለች። የቀበረው ሰው በሕይወት አለ፣ ስልክ ያነሣል አልኳት። ደውዪለት አለች።

ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን መደቡ ላይ አስቀመጥኩት። ሰውየው እማማ ብሎ ሊቀጥል አቃተው፤ ይቅርታ መጠየቅ ጀመረ። እሷ አልሰማችውም። ሥራዋን ጀምራ ነበር። በየለቅሶ ቤቱ ጓዳ ስትጠይቅ እንደኖረችው መጠየቅ ያዘች።

«ሲስቅ እንዴት ነበር?»

«አፉን በእጁ ይሸፍን ነበር» አለ ሰውየው።

ይህን ከእናቴ፣ ከአክስቱ፣ ነው የለመደው፤ ያ ልጅ የማን እንደሆነ ጥርጥር አልቀረም፤ አክስቴም ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ቀጠለች። ምሽግ ውስጥ ከማን አጠገብ ይተኛ ነበር? ይበላ ነበር? አፈሩ ምን ዓይነት ነው? እሱም አንድ በአንድ መለሰ። የደረቀ ወንዝ ዳር ነው፣ አፈሩ ቀይ ነው፣ በራስጌው አንድ ግራር አለ። ጅብ እንዳያወጣው ድንጋይ ደረደረበት። ምን አለበስከው? አለችው። ሌላ ስላልነበረኝ የራሴን ካፖርት አለ።

አክስቴ ተነሣች። ነጠላዋን አዘቀዘቀች።

«ያንን ክፈቺው» አለችኝ።

ያ ያለችው መቅረጫዬን ነው። ስንት ዓመት የለመንኳትን በራሷ አፍ ስታዘኝ ልከለክላት ነበር፤ የልጅሽን ለቅሶ ለሰው ሁሉ አላወጣም ልላት ነበር። ዓይኗን ሳይ ግን ከፈትኩት። መግቢያዋን አለች፤ እንደ ሁልጊዜው ፍቀዱልኝና ከደጁ ልቁም አለች። ከዚያ፦

«መደቡ ቀይ አፈር፣ ግራሩ ራስጌው፣
ዛሬ ነው ያወቅሁት ልጄ ቤት እንዳለው።»

ሐጂ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እሷ በጉን፣ ገበያውን፣ የአዘዞን መንገድ እየጠራች ወረደች። ድምጿ ደክሟል ያልኩት እኔ ነበርኩ፤ ያን ማለዳ ቆላ ድባ በሙሉ ነው የሰማው። መጨረሻ ላይ ወደ ስልኩ ዞረች፦

«ካፖርቱን ለልጄ አልብሶ የሄደው፣
ብርዱ እንዴት አረገህ፣ አንተ የሰው ሰው።»

በስልኩ ውስጥ የጎልማሳ ሰው ለቅሶ ተሰማ። ይቅር ብዬሃለሁ አላለችውም፤ ቢጠብቅም አላለችውም። በርዶህ ነበር ወይ ብላ ነው የጠየቀችው። እኔም እዚያው ቆሜ እንደ ልጅ አለቀስኩ፤ መቅረጫውን ይዤ ስለነበር ለቅሶዬ እስከ ዛሬ ድምፁ ውስጥ ይሰማል።

ተዝካሩ በደንቡ ወጣ። ሰውየውም ከልጁ ጋር ከደቡብ ድረስ መጥቶ ቆላ ድባ ሰነበተ። ከዚያ በፊት ግን፣ በሣልስቱ፣ ለቀስተኛው ሲሳሳ፣ አክስቴ አጠገብ ተቀመጥኩና ስለዚያ ድምፅ አነሣሁ። የራሷን ሕግ አስታወስኳት። አርባው እስኪወጣ ላቆየው፣ መርዶ ያልደረሰው ዘመድም ካለ ላጣራ አልኳት።

«ማንን ልትጠብቂ?» አለችኝ። «መርዶ ያልደረሰኝ እኔ ነበርኩ። ልቀቂው።»